ሹፌር የሌላት ታክሲ ዌይሞ፦ ጉዞው ደስ ይላል፣ ብትጋጭ ግን ማን ይጠየቃል?

ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ዌይሞን ታውቋታላችሁ። ነጭ ጃጓር ናት፣ ጣሪያዋ ላይ ጥቁር ጉልላት አላት፣ የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። እኔ አዘውትሬ እሄድባታለሁ። ሰው ሁሉ "አያስፈራም ወይ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትንም ያነበብኩትንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴን ከፊት ላስቀድም፦ ወድጃታለሁ፣ እናቴንም አሳፍሬባታለሁ። ግን ከምቾቱና ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ ሰው ብትጎዳ ማን ይጠየቃል?

መጀመሪያ ጉዞው። በአፕ ታዛላችሁ። ስትደርስ ጉልላቱ ላይ የስማችሁ የመጀመሪያ ፊደላት ይበራሉ፣ በሩን ከስልካችሁ ትከፍታላችሁ። ቀበቶ አስራችሁ ስክሪኑ ላይ ጉዞ ማስጀመሪያውን ስትነኩ መሪው ብቻውን መዞር ይጀምራል። እናቴ እዚህ ጋ "በስመ አብ" ብላ አማተበች፣ ትንሽ ስንሄድ ግን ወሬዋን ቀጠለች።

እኔን ያሳመነኝ ስክሪኑ ነው። መኪናዋ በካሜራ፣ በራዳርና ላይዳር በሚባል በጨረር ርቀት በሚለካ መሣሪያ የምታየውን ሁሉ በምስል ያሳያችኋል። አንድ ቀን ኦሊምፒክ መንገድ ላይ ቆሞ ከነበረ ቫን ጀርባ አንድ ሰውዬ ሊያቋርጥ ብቅ ሲል፣ እኔ በዓይኔ ገና ሳላየው ስክሪኑ ላይ ታየ፣ መኪናዋም ቀስ ብላ ፍሬን ያዘች። ጥሩምባ የለ፣ ስድብ የለ። ሰውዬው ተሻገረ፣ እኛም ሄድን።

ሻንጣ የሚያነሳላችሁ ሰው የለም። የምትቆመው ደግሞ ለራሷ አመቺ ነው ያለችው ቦታ ላይ ስለሆነ በር ድረስ ላታደርሳችሁ ትችላለች፣ መራመድ ለሚከብደው ሰው ይሄን አስቡበት። ችግር ሲኖር ቁልፍ ተጭናችሁ ከኩባንያው ሰው ጋር ታወራላችሁ፤ መኪናዋ ግራ ሲገባት ከርቀት ሆነው የሚመልሱላትም ሰዎች አሉ፣ መሪውን ግን እነሱ አይዙትም።

ደህንነቱስ? ኩባንያው እስከ ጥር 2025 ድረስ ያለ ሹፌር የተነዳውን 56.7 ሚሊዮን ማይል አጥንቶ፣ እግረኛ የሚጎዳበት አደጋ ሰው ከሚነዳው ጋር ሲነጻጸር በ92 በመቶ ያነሰ ነው ብሏል። ጥናቱን የሠሩት የራሱ ሰዎች ናቸው፣ ይሄ ይታወቅ። ሆኖም በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ ነው የታተመው፣ እኔም በአቅጣጫው አምናለሁ። ይቺ መኪና አትጠጣም፣ አታንቀላፋም፣ ቴክስት አትጽፍም።

ስትሳሳት ግን ሰው በማይሳሳትበት ቦታ ነው የምትሳሳተው። በ2024 ፊኒክስ ውስጥ አንዷ ከስልክ እንጨት ጋር ተጋጭታ ኩባንያው የ672 መኪኖችን ሶፍትዌር ማስተካከል ነበረበት። በታኅሣሥ 2025 ሳን ፍራንሲስኮ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብዙዎቹ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው መንገድ ዘጉ። እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ የትምህርት ቤት አውቶቡሱ ጉዳይ ነው። አትላንታ ውስጥ አንዲት ዌይሞ ቀይ መብራቱን እያበራ ልጆች ለማውረድ የቆመ አውቶቡስን አልፋ ስትሄድ በቪዲዮ ታየች፣ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም በጥቅምት 2025 ምርመራ ከፈተ። ኦስቲን ያሉ ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር እየተደጋገመ ነው ብለው አመለከቱ። በታኅሣሥ ኩባንያው ሶፍትዌሩን ለማስተካከል ሪኮል፣ ማለትም ችግር ያለባቸውን መኪኖች የማረም ጥሪ፣ አወጣ። ልጅ ያለው ሰው ይሄን ሲሰማ ስለ በመቶኛ ማውራት ያስጠላዋል። አንድ ሹፌር ቢሳሳት ስህተቱ የእሱ ብቻ ነው፤ የሶፍትዌር ስህተት ግን እስኪታረም ድረስ በሁሉም መኪና ውስጥ አለ።

እንግዲህ ሹፌር ከሌለ ማን ይቀጣል? በመስከረም 2025 ሳን ብሩኖ የሚባለው ከተማ ፖሊሶች በሕገወጥ መንገድ የዞረች ዌይሞ አስቆሙ። ወደ ውስጥ ቢያዩ ማንም የለም። ቅጣቱን የሚጽፉበት ሰው ስላልነበረ ለኩባንያው ነግረው ለቀቋት። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1፣ 2026 ጀምሮ ፖሊስ ለኩባንያው የጥሰት ማስታወቂያ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች። ከምንም ይሻላል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ማስታወቂያ እንጂ እኛ የምንከፍለው ዓይነት ቅጣት አይደለም። ኡበር የሚነዳ ወንድማችን እዚያው ቦታ እንደዚያ ቢዞር ገንዘብ ይከፍላል፣ ነጥብ ይያዝበታል፣ ኢንሹራንሱም ይጨምርበታል። ለምን ኩባንያው ከእሱ ባነሰ ይጠየቃል? ይሄ ፍትሕ አይመስለኝም።

ቁጥጥር ዋጋ እንዳለው ለማየት ክሩዝ የሚባለውን ሌላ ሹፌር አልባ ታክሲ ኩባንያ ማስታወስ ይበቃል። የጄኔራል ሞተርስ ንብረት የነበረው ክሩዝ ነሐሴ 2023 ላይ ከዌይሞ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቀን ከሌት እየተከፈለው እንዲሠራ ተፈቀደለት። በጥቅምት 2 አንዲት እግረኛን ሰው የሚነዳው ሌላ መኪና ገጭቶ ክሩዙ ፊት ጣላት፣ ገጪው አመለጠ። ክሩዙም መታትና ቆመ፣ ከዚያ ደግሞ ዳር ልያዝ ብሎ ከሥሩ እንዳለች ስድስት ሜትር ያህል ጎተታት። ኩባንያውን የጣለው ግን አደጋው ብቻ አልነበረም። ለመንግሥት በሰጠው ሪፖርት ላይ መጎተቷን ሳይጠቅስ ቀረ። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ወር ፈቃዱን አገደ፣ በኋላም ክሩዝ ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር የወንጀል ቅጣት ከፈለ። ጄኔራል ሞተርስም በታኅሣሥ 2024 የታክሲ ሥራውን ተወው። ከዚህ የምረዳው፣ አደጋ ሲደርስ ቪዲዮውም መረጃውም ያለው በኩባንያው እጅ መሆኑን ነው።

አሁን በተለይ ቴስላ ገዝታችሁ ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ዌይሞ ውስጥ ተሳፋሪ ናችሁ። መንዳቱ የኩባንያው ሥራ ነው፣ ካሊፎርኒያም እንዲህ ዓይነት መኪና የሚያሰማራ ኩባንያ የ5 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ታስገድዳለች። በገዛችሁት ቴስላ ግን፣ መሪውን ለኮምፒውተሩ ብትለቁትም እንኳ፣ ሹፌሩ እናንተ ናችሁ። ኩባንያው ራሱ ዓይናችሁን ከመንገድ አትንቀሉ ይላል። ስትጋጩ መጀመሪያ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ።

ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። በመጋቢት 2018 አሪዞና፣ ቴምፒ ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች በሌሊት የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ራሱን ይነዳ ነበር፣ ወንበሩ ላይ ግን ተቆጣጣሪ ሠራተኛ ነበረች። ፖሊስ ስልኳ ላይ ፕሮግራም እየታየ ነበር አለ። ኡበር ከሟች ቤተሰብ ጋር በካሳ ተስማማ፣ የወንጀል ክስ ግን አልተመሠረተበትም። ሠራተኛዋ ጥፋተኛ ነኝ ብላ በ2023 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት። ኩባንያው ቀጠለ፣ ሠራተኛዋ ግን መዝገቧ ላይ ወንጀል ተጻፈ።

ወዲህ ደግሞ በነሐሴ 2025 ማያሚ ላይ ነገሩ ትንሽ ተቀየረ። በ2019 ፍሎሪዳ ውስጥ አውቶፓይለት የሚባለውን የቴስላ የመንዳት ረዳት ከፍቶ የሚነዳ ሰው የወደቀ ስልኩን ሲፈልግ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ገጭቶ አንዲት ወጣት ሞታለች፣ ጓደኛዋም ክፉኛ ተጎድቷል። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) ከጥፋቱ 33 በመቶውን ለቴስላ ሰጥተው በድምሩ 243 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰኑ። ቴስላ ውሳኔውን ተቃውሟል። የቀረው ትልቁ ድርሻ ግን የማን እንደሆነ አትርሱ፤ የሹፌሩ ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ በዚህ ትሻላላችሁ። በ2024 የወጣው ሕጋቸው ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ መኪና ራሱን በሚነዳበት ጊዜ ለሚፈጸም የመንዳት ጥፋት ተሳፋሪው ሳይሆን ፈቃድ ያወጣው ኩባንያ እንዲጠየቅ ያደርጋል። እኔ አሜሪካም በአገር ደረጃ እንዲህ ያለ ሕግ ብታወጣ ደስ ይለኛል፣ አሁን ሁሉም በየክፍለ ግዛቱ ነው። ዌይሞ ዋሽንግተን ዲሲ ልገባ ነው ያለው በ2025 ነው። እዚያ ታክሲ የሚነዳው ሀበሻ ብዙ ነውና የምክር ቤት አባሎቻችሁን ስለ እንጀራችሁ ስትጠይቁ ይሄንንም ጨምሩበት።

ተሳፋሪ ሆናችሁም ቢሆን ኃላፊነት አለባችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከዌይሞ የሚወርዱ ሰዎች የከፈቱት በር መታኝ ያለች ብስክሌት ነጂ በ2025 ኩባንያውን ከሳለች። በር ከመክፈታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ሹፌር ስለሌለ ስልክና ኢንሹራንስ የምትለዋወጡት ሰው የለም። 911 ደውሉ፣ የፖሊስ ሪፖርት ይጻፍ በሉ፣ የመኪናዋን ታርጋና የቆመችበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ አፑ ላይ ያለውን የጉዞ መዝገብም አስቀምጡ። በደንብ ሳታነቡ ምንም ነገር ላይ አትፈርሙ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ጠበቃ ያዙ፣ ጠበቃውም ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናዋ ቪዲዮና መረጃ ተጠብቆ እንዲቆይ ለኩባንያው በደብዳቤ ይጠይቅላችሁ።