ፍሬሙ ተስተካክሏል፣ ፒንጉ ያው ነው፦ ፒያሳ ስላለ አንድ የላፕቶፕ ጥገና ቤት

ጎንደር ውስጥ ላፕቶፕ ያስቸገረው ሰው የትም ቢሄድ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ውስጡ ያለው ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ጌም ሲቆራረጥ ፎርማት፣ ፋን ሲጮኽ ፎርማት፣ ባትሪ አልይዝ ሲል ፎርማት። ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቅ ግን ላፕቶፔን የተቀበለችኝ ልጅ ፎርማት የሚባል ነገር ሳታነሳ መጀመሪያ ለካች። ጉድለቷ ብዙ የሆነችውን ይህችን ቤት ለሰው የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ከድሮ የዶርም ጓደኞቼ ጋር ዶታ 2 የሚባለውን፣ አምስት ለአምስት ሆነው በኢንተርኔት የሚገጥሙበትን ጌም እንጫወታለን፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዱባይ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ያገለገለ ነው፤ ፕሮሰሰሩ (ዋናው አስሊ ቺፕ) ኮር አይ 5 ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም (ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ)፤ ምስል የሚስልለት የራሱ የቪዲዮ ካርድ የለውም። ጌሙ ሲጀምር ደህና ነው። ግጥሚያው ሞቅ ሲል፣ አምስቱም ከአምስቱ አንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ሲመለስ ሞቼ ነው ራሴን የማገኘው። ጓደኞቼ «አንተ እኮ ኔትህ ነው» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ከዚህ በፊት ስሟን የማልጠራት ሌላ ቤት ወስጄው ነበር። ፎርማት አድርገው፣ «ጌም ቡስተር» የሚባል ፕሮግራም ጭነው፣ ብራቸውን ተቀብለው ሸኙኝ። ቡስተሩ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ እየተነሳ በየደቂቃው «ራምዎ ጸድቷል» ይለኛል። ስክሪኑ ቀጥ ማለቱን አልተወም።

የፒያሳዋ ልጅ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፤ «ቲቸር፣ ሲቆራረጥብዎ ጥጉ ላይ ካሉት ቁጥሮች የትኛው ነው የሚለወጠው? ፍሬሙ ነው ፒንጉ?» ዶታ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርክ መረጃን ካበራችሁ ሁለቱም ይታያሉ። ፍሬም ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ የሚስለው የምስል ብዛት ነው፤ ፒንግ ደግሞ መልእክታችሁ ሰርቨር (ጌሙን የሚያስተናግደው የሩቅ ኮምፒውተር) ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ። ፍሬሙ ከወደቀ ችግሩ እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ ጋ ነው። ፒንጉ ከዘለለ መስመሩ ጋ ነው፤ ያኔ ላፕቶፕ ማስጠገን ብር መጣል ነው። እኔ ጋ ሁለቱም ነበሩ፣ ግን በተለያየ ሰዓት።

ጌሙን እዚያው አስከፈተችኝና ሙቀትና የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ጎን ለጎን አስነሳች። እውነተኛ ግጥሚያ እንኳ ሳንገባ፣ ልምምዱ ላይ፣ ሙቀቱ 97 ዲግሪ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ 3 ጊጋኸርዝ አካባቢ የነበረው ፍጥነት ወደ 1.1 ወረደ፤ 40 የነበረው ፍሬምም 15 ሆነ። ለዚህ ፕሮሰሰር ኢንቴል ያስቀመጠው የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፤ ወደዚያ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። «ይኸው ቲቸር፣ ሞቆት ነው» አለች፤ ሌላ ትንታኔ አልጨመረችም።

ሽፋኑን ስትፈታ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ፋኑ ላይ ላዩን ንጹሕ ነው። ጉዱ ያለው ከፋኑ በስተጀርባ፣ ሙቀቱ በሚወጣባቸው ስስ የመዳብ ክንፎች ፊት ላይ ነው፤ አቧራው እንደ ባና ተጠቅጥቆ፣ በመቆንጠጫ ስትይዘው አንድ ላይ ተላቆ ወጣ። ያን ሳያነሱ ከውጭ በብሎወር መንፋት ወደ ውስጥ መልሶ መጠቅጠቅ ነው። ስትነፋም ፋኑን በጣቷ ያዝ አድርጋ ነው፤ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይበላሻል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርጋ አዲስ ቀባች፤ ብሎኖቹን ስትመልስ በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ በትንሽ በትንሹ እያጠበቀች ነው፣ ግፊቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል። ከዚያ በኋላ ያው ልምምድ 79 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ፍጥነቱም 2.6 አካባቢ ረጋ።

መቼም አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ያካክሰዋል እንበል፤ አልጋ ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ መሐል ቀብሮ የሚጫወትን ሰው ግን ብርዱም አያድነው።

ቀጥሎ ራም። አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ነበር የተሰካው፣ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። የራሱ የቪዲዮ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ምስሉን የሚስለው ከዋናው ራም እየተበደረ ስለሆነ ለጌም የጊጋው ብዛት ብቻ አይበቃውም፤ መተላለፊያውም ሰፊ መሆን አለበት። ዲዲአር 4 የሚባለው የራም ዓይነት በ2400 ፍጥነት ሲሠራ አንዱ ራም በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያቀብላል፤ ሁለት ጎን ለጎን ሲሰኩ 38.4። ስለዚህ አውጥታ አንድ ባለ 16 ከመተካት ያንኑ የሚመስል ሁለተኛ 8 ጨመረችልኝ። ፍሬሙ በዝቅተኛው ሴቲንግ 56 አካባቢ ይቆማል አሁን። ግጥሚያው ሲሞቅ ወደ 45 ይወርዳል፣ ግን ቀጥ አይልም።

ባለቤቱ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ቻርጀርና መብራት የሚያበራ ማውዝ የሚሸጥ ሰው ነው። በመሐል ባለ 512 ኤስኤስዲ አንስቶ ሊሸጥልኝ ሲያግባባ ልጅቷ ከውስጥ «ቲቸር ኤስኤስዲ አላቸው እኮ!» አለችው። ዝም አለ። ኤስኤስዲ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አልነፈገችም፤ ከጎኔ የቆመ የማራኪ ካምፓስ ተማሪ ካውንተር ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ጭኖ ነበር። ጌሙ ብቻውን 85 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። ኤስኤስዲው ጌሙ ቶሎ እንዲከፈትና ማፑ ቶሎ እንዲጫን እንጂ ፍሬሙን ብዙ እንደማይጨምርለት አስቀድማ ነገረችው። ልጁ ቅር አለው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

ቻርጀሬን ያየችው መጨረሻ ላይ ነው። የላፕቶፑ ሆድ ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል፤ ሻጩ አብሮ የሰጠኝ ቻርጀር ላይ 2.31 አምፔር። ስታባዙት አንዱ 65 ዋት፣ ሌላው 45 ዋት ነው። ጌም ላይ የጎደለው ከባትሪው ይወሰዳል፤ ባትሪው ከደከመ ላፕቶፑ ፍጥነት ይቀንሳል። ተማሪዎቼ «ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ምን ያደርግልናል?» ሲሉኝ የምነግራቸው አገኘሁ። ባለ 65ቱን ከባለቤቱ ገዛሁ፣ እሱም በመጨረሻ አንድ ነገር ሸጠልኝ።

ፒንጉን በተመለከተ ቁርጡን ነገረችኝ፤ «እሱን እኔ መቀነስ አልችልም»። ልክ ናት። ለእኛ የሚቀርበው የዶታ ሰርቨር ዱባይ ያለው ነው፤ ከጎንደር በቀጥታ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ በምንም ተአምር ከ23 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደብ የሌለን ሰዎች መጀመሪያ ጎረቤት አገር መድረስ አለብን። በመሐል በየጣቢያው የሚቆመውን ጨምሩበት፤ እኔ ጋ ጥሩ በሚባል ማታ 95 አካባቢ ነው፣ ጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላማ ባይነሳ ይሻላል። «አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ይቀርባል» ብላችሁ ደቡብ አፍሪካን የምትመርጡ ደግሞ ካርታ ተመልከቱ፤ ጆሃንስበርግ ከዚህ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

መቀነስ ባይቻልም ማርጋት ግን ይቻላል፤ ይህን ምክር በነጻ ሰጥታኛለች። ሁለት ነገር ነው። ቤቴ የድንጋይ ግድግዳ ስለሆነ ዋይፋዩን ትቼ ከራውተሩ ላፕቶፑ ድረስ የኔትወርክ ኬብል ዘረጋሁ። ሁለተኛው የስልክ ነገር ነው። ባለቤቴ ማታ ቤት ስትገባ ስልኳ ዋይፋይ ያገኝና የቀኑን ፎቶ በሙሉ አፕሎድ ማድረግ ይጀምራል። ያን ጊዜ ፒንጌ ከ95 ተነስቶ 400 ያልፋል፤ የላኪው መስመር ጠባብ ስለሆነ የጌሙ ትንሽዬ መልእክት ከፎቶው ጀርባ ወረፋ ይይዛል። አፕሎዱን ለሌላ ሰዓት አደረግነው። ዊንዶውሱም ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዳያካፍል ዘጋችልኝ፤ ያንን ቡስተርም ነቅላ ጣለችው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። «ነገ ይደርሳል» ካሉ ነገ አይደርስም፤ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ እንዳትሄዱ። ዋስትናው አንድ ወር ነው ይላሉ፣ በቃል ብቻ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ባለቤቱ ፊቱን አጠቆረብኝ። ቤት ገብቼ ሳይ ከታች አንድ ብሎን ጎድሏል፤ መልሼ ስሄድ ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ አሰረችልኝ። ጽዳቱ ከፓስታው ጋር 700 ብር፣ ያገለገለው ራም 4,500 ብር ነው። ራሙ ላይ መከራከር ይቻላል፣ ጽዳቱ ላይ ግን አትከራከሩ፣ ይገባታል።

ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ የቪዲዮ ካርድ የምትፈልጉ ደግሞ እዚህ አታገኙም፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት፣ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ላፕቶፕ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አንዳንዴ የለችም፤ ባለቤቱ ብቻውን ካለ ማውዝ ይሸጥላችኋል። ቻርጀራችሁንም ያዙ፣ ያለሱ አትቀበላችሁም።