ቲቪያችን አልተበላሸም ነበር፦ ለጀሞው ዲሽ ሠራተኛ ምስጋና

እንዴት ሰነበታችሁ የሰፈሬ ሰዎች? ዛሬ የምጽፈው አንድ ልጅን ለማመስገን ነው። ጀሞና አካባቢው የዲሽ ወይም የቲቪ ሠራተኛ የሚፈልግ ካለም ይጠቀምበታል ብዬ ነው።

እማዬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ያማታል። አንዴ ከተቀመጠች ለመነሳት ሶፋውን ተደግፋ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ «በስመአብ» ብላ ነው። ቲቪ ደግሞ ጓደኛዋ ነው። ጠዋት መዝሙርና ስብከት፣ ማታ ዜና። እኔ ሥራ ስውል ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማት እሱ ነው።

ለፋሲካ ዱባይ ያለው ወንድሜ ሳውንድባር፣ ከቲቪ ፊት የሚቀመጥ ረጅም ድምፅ ማጉያ፣ ላከልን። በዚያው ሰሞን ያዘዝነው ቡፌም ደረሰ። ቲቪውን ከላይ አስቀመጥነው፣ ሳውንድባሩን ከፊቱ አጋደምነው፣ ሪሲቨሩን ደግሞ ከታች በሩ ውስጥ ከተትነው። ቤቱ አማረብን። እማዬም ደስ ብሏት፣ አቧራ እንዳይገባበት ብላ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ሳውንድባሩ ላይ አለበሰችው።

ከበዓሉ በኋላ ሪሞቱ እምቢ አለ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ድንጋዩን ቀየርኩ። ያው ነው። ሌላ ድንጋይ ገዛሁ። ያው ነው። እማዬ ቻናል ለመቀየር እየተነሳች የቡፌውን በር መክፈት ጀመረች። ቲቪውን ለመክፈት ደግሞ ሳውንድባሩን አልፋ፣ እጇን ሰዳ፣ ከሥር ያለችውን አንዷን ቁልፍ በዳበሳ ትፈልጋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቲቪው ጠፍቶ፣ እሷ ዝም ብላ መስኮቱን እያየች ተቀምጣ አገኘኋት። «ለመነሳት ደከመኝ» አለችኝ። ያ ቀን ከልቤ አልወጣም።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ ከበሩ ገባ፣ ሪሞቱን ሁለት ሦስቴ ተጫነ፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለ። ቲቪው ሱቅ ወርዶ መሠራት አለበት፣ 6,000 ብር ያስፈልጋል አለኝ። ሁለተኛው ለሁሉም ቲቪ የሚሆን ሪሞት በ450 ብር ሸጠልኝ። ቆሞ ሞከረው፣ ሠራ። ከደረጃው ሳይወርድ እማዬ ተቀምጣ ብትጫነው ተመልሶ እምቢ። ስማቸውን አላነሳም፤ ዓላማዬ እሱ አይደለም። ግን ሁለቱም እማዬን አንዲት ጥያቄ አልጠየቋትም። እሷ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ቆሜ ስጫነው ይሰማኛል፣ ስቀመጥ አይሰማኝም» እያለች ነበር። እኔም ሰምቼ አላስተዋልኩትም።

ሦስተኛውን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ሊፍት የለንም፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸክሞ ወጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ቦርሳውን አልከፈተውም። እማዬ አጠገብ ዝቅ ብሎ ቁጢጥ አለና፣

«እማማ፣ ይሄ ነገር መቼ ጀመረ?» አላት።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው ልጄ።»

«ለፋሲካ ቤት ውስጥ ምን ተቀየረ?»

እማዬ በአገጯ ቡፌውን አሳየችው። ልጁ ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። የፊት ካሜራውን ከፈተና ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙሬ እንድጫን ነገረኝ። ስጫን የሪሞቱ አፍንጫ ላይ ያለችው አምፖል በስክሪኑ ውስጥ ወይን ጠጅ በሚመስል ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለች። በዓይኔ ሳያት ግን ምንም የለም። «ሪሞታችሁ ጤነኛ ነው፤ የድሮውም አዲሱም» አለ። ከሪሞት የሚወጣው ብርሃን ኢንፍራሬድ ነው፣ የሰው ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን የሚያግድ ማጣሪያ ስላለው በፊተኛው መሞከር ይሻላል አለኝ። ይህቺን ብቻ ባውቅ ኖሮ 450 ብሩ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። እናንተም ድንጋይ ወይም ሪሞት ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሯት።

ቀጥሎ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከቲቪው የታችኛው ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ያዘው። በቀኝ በኩል፣ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ኋላ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ነገር ታየች። «የሪሞቱን ብርሃን የምትቀበለው ዓይኑ ይቺ ናት» አለ። ሦስት ዓመት ስናየው በኖርነው ቲቪ ላይ ዓይን እንዳለ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ሳውንድባሩ ልክ ፊቷ ተጋድሞባታል። የሳውንድባሩ ቁመት ከቲቪው ሥር ካለው ክፍተት በሁለት ጣት ያህል ይበልጣል። ዳንቴሉ ደግሞ የቀረችውን ቀዳዳ ዘግቷታል።

ሪሞቱን ተቀብሎ ከላይ ወደታች፣ ከሳውንድባሩ ኋላ አሳልፎ ተጫነ። ቲቪው በራ። ከገባ አምስት ደቂቃ አልሞላውም።

«ምንም የተበላሸ ነገር የለም» አለን።

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ባለሙያ ስንቶቻችሁ ገጥሟችኋል? «ተቃጥሏል» ቢለን እናምነው ነበር። ብሩም በእጄ ነበር።

እማዬ ቆማ ስትጫን ለምን እንደሚሠራም አስረዳን። ብርሃኑ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከቁመት ሲመጣ ከሳውንድባሩ በላይ አልፎ ዓይኗን ያገኛታል፤ ከሶፋ ሲመጣ ሳውንድባሩ ላይ ይቀራል። አልፎ አልፎ ተቀምጣም የሚሠራላት ብርሃኑ ነጩ ግድግዳና ጣሪያው ላይ ነጥሮ ሲገባ ነው። እንጨት ጭራሽ አያሳልፈውም። ለዚህ ነው ሪሲቨሩ በሩ ካልተከፈተ የማይሰማው። መስታወት በር ቢሆን ኖሮ ያሳልፍ ነበር።

የጠዋቱንም ጠየቀን። እማዬ ጠዋት ይብሳል ብላው ነበር። መስኮታችን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይዋ በቀጥታ ቲቪው ላይ ታርፋለች። ፀሐይም ኢንፍራሬድ አላት። ሪሞቱ ብርሃኑን በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እያበራና እያጠፋ ነው የሚልከው፣ ቲቪው ከፀሐይና ከአምፖል ለይቶ እንዲያውቀው። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ዓይኗ ትጥለቀለቃለች፤ ተከልሎ የሚደርሰው ደካማ ምልክት ይዋጣል። ነገሩ ስቦኝ ማታ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ዜኒት የሚባለው የአሜሪካ ቲቪ አምራች ፍላሽ ማቲክ የሚባል በብርሃን የሚሠራ ሪሞት አውጥቶ እንደነበር አገኘሁ። የቲቪው አራት ማዕዘኖች ላይ መብራት እያበሩ ነበር የሚያዙት፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ቲቪው ራሱ ቻናል ይቀይር ነበር። ችግሩ ከእኛ ቤት የጀመረ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሳውንድባሩን ወደፊት ሳብ ብናደርገውስ አልኩት። ለካው፣ ቡፌው ጠባብ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል። ቲቪውን በጣውላ ከፍ እናድርገው አልኩ። «ከባድ ነገር ነው፣ ሕፃን ቢነካው ይወድቃል» ብሎ ከለከለኝ። አንዳንድ ሳውንድባር ከጀርባው የሪሞቱን ምልክት ተቀብሎ ለቲቪው የሚያስተላልፍ ነገር አለው፤ የኛን ገልብጦ አየው፣ የለውም። በመጨረሻ ቡፌው መሐል ላይ ያለውን ክፍት መደርደሪያ አየ። እዚያ የተደረደሩት የቤተሰብ ፎቶዎች ናቸው። የአባዬም ፎቶ እዚያ ነው።

ልጁ ፎቶዎቹን አልነካም። እማዬን ነው የጠየቃት። «እማማ፣ ሳውንድባሩ እዚህ ቢገባ ፎቶዎቹን የት እናድርግልዎ? ይቺን ዳንቴልስ አጠፍ ላድርጋት?» አላት። ዳንቴሉን ራሱ በአራት አጥፎ በሁለት እጁ ሰጣት። እማዬ ያን ያህል ተጠይቃ አታውቅም። የአባዬን ፎቶ ከላይ፣ ቲቪው አጠገብ ይሁን አለች። «ይሁን፣ ግን በግራ በኩል። በቀኝ ዓይኑ አለ» አላት። ተሳሳቁ።

ሳውንድባሩን መደርደሪያው ውስጥ ገፍቶ አላስቀመጠውም፤ ድምፁ እንዳይታፈን ፊቱን ከጠርዙ ጋር እኩል አደረገው። ቲቪውን ከሳውንድባሩ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኝቶ፣ በቲቪው ሪሞት ድምፁ ከፍና ዝቅ እንዲል አስተካከለው። እማዬ ሦስት ሪሞት እያገላበጠች ነበር፤ አሁን ሁለት ናቸው።

ለሪሲቨሩ ደግሞ ከቦርሳው ጫፉ ላይ ጥቁር ዓይን ያላት ቀጭን ገመድ አወጣ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሪሲቨሮች ከኋላቸው ለዚህች ገመድ የሚሆን ቀዳዳ አላቸው። የኛም ነበረው፤ ገመዷ ከካርቶኑ ውስጥ ጠፍታ ነው እንጂ አብራ ትመጣ ነበር። ገመዱን በቡፌው ጀርባ አውጥቶ ዓይኗን በሩ ጠርዝ ላይ ለጠፋት። አሁን ሪሲቨሩ በሩ ተዘግቶ ይሰማል። ቀዳዳ የሌለው ሪሲቨር ወይም ዲኮደር ላላችሁም መላ አለው፤ ምልክቱን ውጭ ተቀብላ፣ ዕቃው ፊት ላይ በምትለጠፍ ትንሽ አምፖል መልሳ የምታበራ ዕቃ አለች፣ ከዩኤስቢ ኃይል ወስዳ የምትሠራ።

ሲጨርስ ራሱ አልሞከረም። እማዬ በቦታዋ እንድትቀመጥ አደረገ። ትራሷን ደግፋ፣ ሁልጊዜ እንደምትቀመጠው። መጋረጃውን በግማሽ ሳበና «አሁን ይጫኑ» አላት። ቻናሉ ተቀየረ። እንደገና ተጫነች። ተቀየረ። ስድስት ሰባት ቻናል ዝም ብላ አለፈች፣ የምታየው ስላላት ሳይሆን እየሠራላት ስለሆነ። ከዚያ «እደግ፣ ተመንደግ ልጄ። እናትህ ትባረክ» ብላ መረቀችው። እኔ ወደ ማድቤት ገባሁ፣ ዓይኔ ስለሞላ።

ሒሳብ ስጠይቀው ለመምጫና ለሥራው 400፣ ለገመዷ 350 ብር አለኝ። 6,000 ተጠይቄ ለነበርኩት 750 ብር። ጨምሬ ብሰጠው «የሠራሁት የቲቪ ጥገና አይደለም፤ ዕቃ ነው ያዛወርኩት» ብሎ መለሰልኝ። እማዬ ግን ቡና ሳይጠጣ አላስወጣችውም። ቡናው ላይ ሦስተኛው እስኪደርስ ቆየ፤ ድሮ ስለሠራችው ዳንቴል እየጠየቃት።

ሁለት ሳምንት ሆነን። እንከን የለውም። በሳምንቱ ደውሎ «እማማ እንዴት ናቸው? በጠዋት ፀሐይ ይሠራል?» ብሎ ጠይቆኛል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ያልጻፍኩት ስላላስፈቀድኩት ነው። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይመጣል፤ እሁድ አይሠራም። የዲሽ አቅጣጫም ያስተካክላል፣ ቲቪ ግድግዳ ላይም ይሰቅላል። ስትደውሉለት ችግሩ መቼ እንደጀመረና ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምን እንደተቀየረ ንገሩት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሪሞቱን የሚይዙት እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከሆኑ ደግሞ እሳቸው ቤት ባሉበት ሰዓት ጥሩት።