ከተነቀለ በኋላ ያሉት ቀናት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሴ ከዓመታት በፊት ሥሩ ታክሞ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ተደርጎለት ነበር። መስከረም ላይ ተሰነጠቀ። እዚያ ያየኝ ሐኪም «ይነቀል፣ ቦታው ላይ አጥንት ይሞላ፣ ከወራት በኋላ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ይተከል» አለኝ። የጥርስ ኢንሹራንሴ በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ አይከፍልም። የቀረው ከኪሴ ነው፤ እሱም ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ለገና እናቴን ልጠይቅ ቲኬት ቆርጬ ስለነበር አዲስ አበባ ላሠራው ወሰንኩ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አስበው ለሚሄዱ ነው። አገር ቤት ጥርስ መሠራት ጥሩ አይደለም ለማለት አይደለም። የረዱኝም ያጎደሉብኝም እዚያው ያሉ ባለሙያዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ቦሌ አካባቢ ነው። ስሙን አልጽፍም። የነቀለኝ ሐኪም እጁ ጥሩ ነበር። ጥርሱ በቀላሉ የሚወጣ ስላልነበር ከፋፍሎ አወጣው። ማደንዘዣው በደንብ ይዞኛል፣ ምንም አልተሰማኝም። ዕቃዎቹ ከታሸጉበት ሲከፈቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ አጥንቱን ሞልቶ፣ በስስ ሽፋን ሸፍኖ ሰፋው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ዕለቱ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24 ነበር።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አፌ በጎዝ ተሞልቶ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ሳለ አንዲት ልጅ ቆማ «ትኩስ ነገር እንዳይጠጡ፣ እንዳይተፉ፣ በስትሮው እንዳይጠጡ» ብላ በፍጥነት ነገረችኝ። በጽሑፍ የተሰጠኝ ነገር የለም። ማታ ቢብስብኝ ለማን እንደምደውል አልተነገረኝም። የተሞላልኝ አጥንት ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀትም አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ ማታ ምላሴ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ተሰማኝ። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ነጫጭ ፍሬዎች ናቸው። ሁሉም ተራግፎ አለቀ ብዬ አለቀስኩ። ለካ የሚሞላው አጥንት እንደ ሻካራ ጨው ያለ ጥቃቅን ፍሬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ፍሬ ቢወጣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዘመድ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ይመጣል። ቡና ይፈላል። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጉረሺ» ይባላል። አንዷ ጎረቤታችን አረቄ ተጉመጥመጪበት አለችኝ፣ ሌላዋ ቅርንፉድ ልታስነክሰኝ ይዛ መጣች። ሁሉም በፍቅር ነው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ለዘመድ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ የተሰፋ ቁስል ነው፣ ሐኪም ካዘዘው በስተቀር ምንም አይጨመርበትም። ወቅቱ ጾም ስለነበር እናቴ ወተት ልትሰጠኝ ፈራች። ለንስሐ አባቷ ደውላ ስትጠይቃቸው «የታመመ ሰው ነው፣ ትጠጣ» አሏት። ቀዝቀዝ ባለ የአጃ አጥሚትና በወተት ነው የሰነበትኩት።

እሑድ ዕለት ሕመሙ ባሰ። እስከ ጆሮዬ ይወጋኝ ጀመር። አፌ ውስጥ መጥፎ ጣዕም መጣ። ጉንጬ ከዓርቡ ይልቅ አበጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና በኋላ ማበጥ ያለ ነው፤ የሚብሰውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ መጉደል አለበት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ በተለይ ትኩሳትና መግል ካለው፣ የሚጠበቅ አይደለም። መዋጥ፣ መተንፈስ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ደግሞ ክሊኒክ ሳይሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ በሌሊትም ቢሆን።

እሑድ ክሊኒኩ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ አነሳችው። «ማበጥ የተለመደ ነው፣ ማስታገሻ ይውሰዱ። ዶክተር የሚገባው ከበዓል በኋላ ነው» አለችኝ። ትኩሳቴ 38.4 ነው ብላት መልሷ አልተለወጠም። ያቺ ልጅ ላይ አልፈርድም፣ የምትለውን የሰጣት ሰው አለ። ሐኪሙ ከሌለ ማን ይተካዋል የሚለውን ያላሰበ ክሊኒክ ግን ቀዶ ጥገና ባይሠራ ይሻላል።

ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አፈላልጋ አገኘችልኝ። የገና ዋዜማ ነው፣ መንገዱ በሰውና በበግ ተሞልቷል። በስልክ የጠራነው ሜትር ታክሲ ሹፌር ጉንጬን በመስታወት አይቶ «እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝና ጉድጓድ ሁሉ እየሸሸ በውስጥ ለውስጥ አደረሰኝ። ከሒሳቡ በላይ ስሰጠው እምቢ አለ። ከጉዞዬ ሁሉ የማልረሳው አገልግሎት ይህ ነው።

ስፔሻሊስቷ በመጀመሪያ አፌን አላዩም፤ ጠየቁኝ። ለፔኒሲሊን አለርጂ አለዎት? ውሃ ሲውጡ ያስቸግርዎታል? ከንፈርና አገጬን በጥጥ እየነኩ እኩል ይሰማኝ እንደሆነ አዩ። የታችኛው መንጋጋ ውስጥ ወደ ከንፈርና አገጭ የሚሄድ ነርቭ ስላለ ነው። ከዚያ የሦስት አቅጣጫ ራጅ እንድነሳ ላኩኝ። የራጁ ማዕከል በዋዜማም ቢሆን ውጤቱን በዚያው ቀን በሲዲ ሰጠኝ። ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ጨዋ ነበሩ።

እኔ ድራይ ሶኬት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ልዩነቱን አስረዱኝ። ድራይ ሶኬት የሚባለው ቦታውን የሸፈነው የደም መርጋት ጠፍቶ አጥንቱ ሲጋለጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ይበዛል፣ ሕመሙም ከባድ ነው፤ ግን መግልና ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የኔ ኢንፌክሽን ነበር። ስፌቱን ፈትተው የተበከለውን ፍሬ አወጡ፣ በደንብ አጠቡት። ከተሞላው ግማሽ ያህሉ ሄደ። አዘንኩ። «ያለው አጥንትዎ ደህና ነው፣ ኋላ እንደገና ይሞላል» አሉኝ።

አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ አንቲባዮቲኮች አዘዙልኝ። ሜትሮኒዳዞል ላይ መጠጥ እንደማይጠጣ ሦስቴ ነገሩኝ፤ ነገ ገና መሆኑን ያውቃሉ። ጠላውን ለሌሎች ተውኩት። የታዘዘልኝን ክሎረሄክሲዲን የአፍ ማጠቢያ ለማግኘት ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። የምታገኙ ከሆነ ከዚያው ከምትኖሩበት ይዛችሁ ሂዱ።

መመሪያውን በወረቀት ጽፈው ስልካቸውን ጨመሩበት። በገና ምሽት፣ ዶሮው ቀርቦ እኔ አጥሚቴን ይዤ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። «ትኩሳቱ ወረደ?» አሉኝ። ወርዶ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ በአካል ሄድኩ። ለጭቅጭቅ አልነበረም፣ ምን እንደተሞላልኝ ማወቅ ስላለብኝ ነው። ሐኪሙ ሰማኝ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። የዕቃዎቹን መለያ ፈልጎ ፎቶ አስነሳኝ። ፍሬው ከበሬ አጥንት የተሠራ ነው። ሽፋኑ ግን ከአሳማ ነው። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ከሰው፣ ከበሬ፣ ከአሳማ የሚሠራም፣ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ከራስ መንጋጋ የሚወሰድበትም ጊዜ አለ። ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት እሺ እል ነበር። ግን ኦርቶዶክስ ሆነ ሙስሊም፣ በአገራችን ይህ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የሐኪሙ ወንበር ላይ ከመተኛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መለያውንም ተቀበሉ።

የራሴ ስሕተት ቀን አቆጣጠሬ ነው። መጀመሪያ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ጥርሱን ወደ ጉዞዬ መጨረሻ ገፋሁት። ከተነቀልኩ በ10ኛው ቀን ነበር በረራዬ። ቲኬቴን ለማዛወር ቅጣት ከፍዬ እስከ ጥምቀት ቆየሁ። ጥርስ ልትሠሩ የምትሄዱ ከሆነ በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱት። በዓል ሲቃረብም አታድርጉት። የላይኛው መንጋጋ ከሆነና ወደ ሳይነስ (ከአፍንጫ ጎን አጥንት ውስጥ ያለ አየር የያዘ ክፍተት) የተጠጋ ሥራ ከተሠራላችሁ ደግሞ የበረራውን ቀን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አትቁረጡ።

ስፔሻሊስቷ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አዩኝ። ስመለስ የተደረገልኝን ሁሉ የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስተይበው ከሲዲው ጋር ሰጡኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐኪሜ አንብቦ፣ ቁስሉን አይቶ፣ ንጹሕ ነው አለኝ። አጥንቱ እንደገና እስኪሞላ ጥቂት ወራት መጠበቅ አለብኝ።

ቀጠሮዬ ግንቦት ላይ ነው፤ አዲስ አበባ፣ እሳቸው ጋ። ቲኬቴን የስድስት ሳምንት አድርጌ ቆርጬዋለሁ።