የመጀመሪያ ክሩዘሬ፦ ሆንዳ ሬብል 500 ከአሥራ አራት ወር በኋላ

በሕይወቴ ሞተር ሳይክል የጣልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቆሜ ሳለሁ። ሞተሩ አልተነሣም፤ ቁልፉም ሻጩ ኪስ ውስጥ ነበር። "እስኪ ተቀመጪባት እህቴ፣ ስሜቷን እዪው" ብሎ የጎን መቆሚያዋን በእግሩ አጠፈልኝ። ሦስት መቶ ኪሎ የምትጠጋ፣ ክሮሟ ፊቴን እንደ መስታወት የሚያሳየኝ ግዙፍ ክሩዘር፣ ማለትም ዝቅ ብሎ ተዝናንቶ የሚነዳ ዓይነት ሞተር ሳይክል ነበረች። ቀጥ ብላ እስከቆመች ድረስ ክብደት ያላት አትመስልም ነበር። መሪዋን ወደ ግራ ሳዞረው ግን ሸክሙ ሁሉ ወደ ግራ እግሬ መጣ፤ ጫማዬ ወለሉ ላይ ሸርተት አለ፤ ከዚያ በኋላ እኔም ሻጩም ልንመልሳት አልቻልንም። እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብላ ጎኗን አሳረፈች።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንቅልፍ የሚነሳኝ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ነበር። የጣለኝ ግን ዜሮ ነው። ሞተር ሳይክል ፍጥነት ሲያገኝ ራሱን ይይዛል፤ የጎማዎቹ መሽከርከርና የፊት ሹካው ዘንበል ማለት ሚዛኑን ስለሚጠብቁለት ነጂው አቅጣጫ ከማሳየት ያለፈ ሥራ የለበትም። በእግረኛ ፍጥነት ሲሄድና ሲቆም ነው ሸክሙ በሙሉ የነጂው የሚሆነው። ጀማሪ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው እዚያው ነው፤ ከግቢ ሲወጣ፣ መብራት ላይ ሲቆም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ዞሮ ሲመለስ።

ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ሲሆን መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በክሩዘር የተማረክሁት እንደ ብዙ ሰው በመልኩ ነው፤ ዝቅ ያለ ወገብ፣ ዘርጋ ያለ መሪ፣ ወደፊት የተዘረጋ እግር። መልኩ ለጀማሪ ጥቅም እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መቀመጫው ዝቅ ስለሚል ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ ሙሉ ለሙሉ ያርፋሉ፤ ይህ ለአጭር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ሹካው ወደፊት ስለተዘረጋ መሪው በዝግታ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ መውደቅ ይወዳል፤ እኔን የጣለኝም ይኸው ነው። እግር ወደፊት ስለሚቀመጥ ጉድጓድ ሲመጣ ከመቀመጫ ብድግ ማለት አይቻልም፤ የመንገዱን ወሬ ሁሉ የምትቀበለው የጀርባ አጥንት ናት።

ከውድቀቱ በኋላ ሞተር ለማየት ስሄድ የልብስ ስፌት ሜትር ኪሴ ውስጥ መያዝ ጀመርኩ። ሻጮች ይስቁ ነበር። እኔ ግን የመቀመጫውን ከፍታ እለካለሁ፣ ክብደቱን እጠይቃለሁ፣ ክብደት ሲነግሩኝም "ከነነዳጁ ነው ያለነዳጁ?" እላለሁ። ይህችን ጥያቄ አትናቋት። አንዳንድ ዝርዝር ላይ የሚጻፈው ነዳጅና ዘይት ሳይጨመር ያለው ደረቅ ክብደት ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ብቻውን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የሚቀመጠውም ከላይ፣ ሚዛን በሚያስቸግርበት ቦታ ነው።

ወንድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ቀድሞ መንዳት የጀመረ ሰው ነው፤ ምክሩም አንድ ነበር። "ትንሽ ከገዛሽ በስድስት ወር ትሰለቻታለሽ፤ አንዴ ትልቅ ግዢና ተገላገይ።" የእሱ ምርጫ ሃርሊ ዴቪድሰን አይረን 883 ነበረች። ቆንጆ ናት፤ ይህን አልክድም። ለመንገድ ተዘጋጅታ 256 ኪሎ ትመዝናለች። እኔ 54 ኪሎ ነኝ። ስሌቱን ለወንድሜ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት።

ካዋሳኪ ቩልካን ኤስ ላይ ብዙ አመነታሁ። የሞተሯ መጠን 649 ሲሲ፣ የመቀመጫ ከፍታዋ 705 ሚሊ ሜትር፤ ከሁሉ የማረከኝ የእግር ማሳረፊያዋ እንደ ነጂው ቁመት ወደፊትና ወደኋላ በሦስት ቦታ መታሰር መቻሉ ነው። ለረጅም ሰው ብመክር እሷን ነው የምመክረው። ክብደቷ ግን ወደ 230 ኪሎ ነው። ሮያል ኤንፊልድ ሜቲዮር 350ም ነበረች፤ 349 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት፣ 15 ሊትር የሚይዝ ታንክ። ረጋ ያለች፣ ጨዋ ሞተር ናት። መቀመጫዋ 765 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እግሬ የሚደርሰው በጣቶቼ ብቻ ነበር።

ሬብል 500 ላይ ስቀመጥ ሜትሩን ከኪሴ አላወጣሁትም። ጉልበቴ ታጥፎ ተረከዜ መሬት ነካ። መቀመጫዋ 690 ሚሊ ሜትር ነው። ነዳጇን ሞልታ 190 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ከሜቲዮር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 471 ሲሲ ሞተሯ ግን 46 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ከእጥፍ በላይ። ሞተሩ የተወሰደው ከሆንዳ ሲቢ 500 ቤተሰብ ነው፤ ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን፣ በራዲያተር የሚቀዘቅዝ፣ ስድስት ማርሽ። ሬብል የሚለው ስም ግን የቆየ ነው፤ ባለ 250ዋ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጥታ ስንቱን ጀማሪ አስተምራለች። ባለ 500ዋ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ያገለገለች ገዛሁ፤ አዲስ እንዳልገዛ የወሰንኩት ሆን ብዬ ነው። ጀማሪ ሞተሩን አንድ ቀን መጣሉ አይቀርም፤ ቀድሞ በተቧጠጠ ብረት ላይ የሚጨመር ቧጨራ ልብ አይሰብርም። ስገዛ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዎቹን ጫፍ፣ የመሪውን ጫፍና የእግር ማሳረፊያዎቹን አየሁ፤ የወደቀ ሞተር ቀድሞ የሚመሰክረው እዚያ ነው። ካቴናውን በጣቴ አንሥቼ ልቅነቱን አየሁ፤ በአንድ ቦታ ወጥሮ በሌላው ከላላ የተበላ ነው። የጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈውን ቁጥር አነበብኩ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ነገር ግን ያረጀ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ ክፉ ጠላት ነው።

የመረጥኳት እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ከተሠሩት መካከል ነበረች፤ ልዩነቱም ለእኔ ፍሪሲዮኑ ነው። በዚያ ዓመት በተሻሻለችው ሬብል ላይ እጀታው የሚጠይቀው ኃይል ቀነሰ፤ ማርሽ በችኮላ ሲወርድም የኋላ ጎማው በድንገት እንዳይያዝ ፍሪሲዮኑ ራሱ ትንሽ ይንሸራተታል። ይህ ለጀማሪ ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፦ ባዶ ሜዳ ላይ ነዳጅ በጥቂቱ ሰጥቼ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርባትን ቀጭን ቦታ ፈልጌ፣ እዚያው ላይ እጄን አቁሜ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ረግጬ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ። የግራ እጄ ጣቶች ማታ ማታ ማንኪያ ለመያዝ ይለግሙ ነበር፤ ከበድ ባለ ፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን እተወው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። አስተማሪዬ ከዳር ቆሞ "ጎማውን አትዪ፣ የምትሄጂበትን እዪ!" እያለ ይጮህ ነበር። ዓይን የተከለበት ቦታ ሞተሩ ይሄዳል። መሬት ያየሁ ቀን መሬት ላይ አንድ እግሬን ተክያለሁ፤ ግን 190 ኪሎ ናትና በአንድ እግር ያዝኳት። ለዚህ ነበር የገዛኋት።

እንዴት እንደምትነሣም አስቀድሜ ተለማመድኩ፤ ሣር ላይ ሆን ብዬ አስተኝቻት። ማርሽ ውስጥ ትገባለች፤ በቀኝ ከወደቀች የጎን መቆሚያዋ ቀድሞ ይዘረጋል። ከዚያ ጀርባ ይሰጣታል፣ ቁጢጥ ይባላል፣ በአንድ እጅ የመሪው ጫፍ በሌላው የመቀመጫው ሥር ያለው ብረት ይያዛል፤ ወገብን ቀጥ አድርጎ በእግር ጉልበት ወደኋላ ትናንሽ እርምጃ መራመድ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ቆመች። ማንኛውም ጀማሪ ከመክፈሉ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ ብቻዬን ሆኜ ብትወድቅ አነሣታለሁ?

መንገድ ላይ እንዴት ናት? ወፋፍራም ጎማዎቿ፣ ፊትም ኋላም ባለ 16 ኢንች፣ ቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ባቡር ያስኬዷታል። መታጠፊያ ላይ ግን መሪውን ገፋ ማድረግ ትፈልጋለች። በቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደፊት መግፋት፤ ነገሩ ለጆሮ የተገላቢጦሽ ነው፣ እኔም ለሁለት ሳምንት አላመንኩትም ነበር። ሰውነት ሲያምነው ግን መታጠፊያ የቀኑ ምርጥ ክፍል ይሆናል። ጎንበስ ባለች ቁጥር የእግር ማሳረፊያው መሬት ሊነካ እንደሚችል መርሳት አያስፈልግም፤ ክሩዘር ከመሬት ብዙ አይርቅም፤ ሲጭር የሚሰማው ድምፅ "ይብቃሽ" ማለቱ ነው።

ፊት ለፊት ያላት አንድ ዲስክ ፍሬን ነው። የእኔዋ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተይዞ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ሥርዓት አላት፤ ያለ ኤቢኤስ የተሠራችም ስላለች ያገለገለች የሚገዛ ሰው ይህን ሳያረጋግጥ እጅ እንዳይመታ። አንድ ማለዳ መንገድ ላይ የፈሰሰ ጠጠር ላይ ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨመደድኩት። እጀታው ጣቶቼ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ጎማው አልተያዘም፣ ሞተሯ ቀጥ ብላ ቆመች። ከሄልሜቴ ውስጥ ለራሴ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም።

ስለ ድምፁ ላውራ፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ሬብል እንደ ሃርሊ አትዘፍንም። የታወቁት የሃርሊ ሞተሮች ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ሠርተው ክራንክ በሚባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ አንድ ፒን ይጋራሉ፤ ስለዚህ ፍንዳታው እኩል አይከፋፈልም፤ ዘንጉ ሲዞር አንዱ ከሌላው በ315 ዲግሪ፣ ቀጣዩ በ405 ዲግሪ ይመጣል። ያ የሚያነክስ፣ ልብ የሚመታ የሚመስል ምት የሚወለደው ከዚህ ነው። የእኔዋ ሲሊንደሮች የቆሙት ጎን ለጎን ነው፤ ንዝረቱን የሚገድል ማመጣጠኛ ዘንግም አላት። ድምፅዋ የተረጋጋ፣ ሥራ ላይ ያለች የልብስ ስፌት መኪና ዓይነት ነው። ድምፅ ፈልጎ ክሩዘር የሚገዛ ሰው ይህችን አይግዛ፤ ማርሚታ በመቀየርም የ315 እና የ405 ሒሳብ አይገኝም። እኔ በበኩሌ ጎረቤት ሳልቀሰቅስ ማለዳ መውጣቴን ወድጄዋለሁ።

የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ 11.2 ሊትር ብቻ ይይዛል። ቆጣቢ ስለሆነች ከሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬደኛል፤ እኔ ግን ሁለት መቶ ላይ ስደርስ ማደያ መፈለግ እጀምራለሁ። ሰው አስከትሎ መሄድ የሚወድ ሌላ ያስብ፤ የኋላ መቀመጫዋ ለቦርሳ የምትበቃ ትራስ ናት። ነፋስ መከላከያ መስታወት የላትም፤ እንደ ማንኛውም ክሩዘር ደረት ገልጦ ስለሚነዳባት ፈጣን መንገድ ላይ ነፋሱ ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ነው። ጓንትና ጠንካራ ጃኬት ሳልለብስ ወጥቼ አላውቅም፤ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ቀድሞ መቀነስ አለበት፤ ተርፎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ወንድሜ የተነበየው ስድስት ወር አልፎ ሌላ ስምንት ተጨመረበት። አልሰለቸኋትም። ትልቅ ክሩዘር ሲያልፈኝ ዓይኔ ይከተለዋል፤ አይከተለውም ብል ውሸት ነው። ግን ያ ሰው መብራት ላይ ቆሞ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጥብቆ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ ሲፈልግ አያለሁ፤ እኔ ሁለቱንም ተክዬ ጓንቴን አስተካክላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ "ሞተሬ ጥገና ላይ ናት፣ ለአንድ ሰዓት አውሺኝ" ብሎ ወሰዳት። ጠዋት ነበር። የመለሳት ማታ ነው፤ ጉልበቱ መሪው ላይ ሊደርስ ምንም ያህል ሳይቀረው፣ ነዳጇን ጨርሶ፣ "ለአንቺ እንኳን ደህና ናት" እያለ። ሰኞ ዕለት ደውሎ ሞተሯ ቅዳሜ ነጻ ትሆን እንደሆነ ጠየቀኝ።