ደሴ ፒያሳ ላለችው ቪዲዮ ኤዲተር፣ ስለ ሐይቁ ውሃ አመሰግናለሁ

ሐይቅ ከተማ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ስድስት ክፍል ናት። በረንዳው ላይ ቁጭ ካላችሁ ውሃው ከፊታችሁ ነው። በቅርቡ ዌብሳይት አሠራሁና መግቢያው ላይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እንዲኖር ፈለግሁ። የወንድሜ ልጅ በስልኩ ቀረጸው። ንጋት ላይ፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ ታንኳው ደንገሉን ገፍቶ ሲወጣ። ስልኩ ላይ ስታዩት ልብ ይሰርቃል።

መከራው ዌብሳይቱ ላይ ስንጭነው መጣ። ፋይሉ 900 ሜጋባይት ነበር፤ እንዳለ ጫንነው። ጅዳ ያለችው እህቴ «ክቡ ብቻ ይዞራል» አለች። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ደግሞ በኮምፒውተሩ ድምፁን ብቻ ሰማ፣ ምስሉ ጥቁር ሆነበት። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ 3,000 ብር ተቀብሎኝ፣ በቴሌግራም የላክሁለትን ቅጂ «ፎር ኬ አደረግሁልህ» ብሎ መለሰልኝ። ውሃው የተደረደረ ብሎኬት መሰለ። ደንገሉም አረንጓዴ ገንፎ።

ይህቺን ልጅ የጠቆመኝ የሰርግ ቪዲዮ ያሠራ ጎረቤቴ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ፋይሉን ከፍታ አየችና «ጋሼ፣ በዚህ ላይ ብር ብቀበልዎት ሐራም ነው። ኦሪጅናሉ የት አለ?» አለችኝ። ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከን ነገር ኮምፕረስ ያደርገዋል፣ ማለትም አምቆ ያሳንሰዋል፤ ያኔ የተጣለ ዝርዝር ተመልሶ አይመጣም። የተበላሸውን ወደ 4ኬ መለጠጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ አያጠራውም። እሺ ብዬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐይቅ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ስልኩን ከነባለቤቱ ይዤ መጣሁ።

ጥቁር የሆነው ምስል ጉዳይ ቶሎ ተፈታ። ስልኩ የቀረጸው ኤች 265 በሚባል ኮዴክ (ቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ) ነው፤ እሱን ደግሞ የማይከፍቱት ብራውዘሮች አሉ። «ኤምፒ4 ሞሰቡ ነው፣ ኮዴኩ ወጡ ነው» አለችኝ። ሞሰቡ አንድ ሆኖ ወጡ ሊለያይ ይችላል ማለቷ ነው። ስለዚህ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው በኤች 264 አደረገችው፤ እሱ አሮጌም አዲስም ስልክ ላይ ይሠራል። የሰማሁትን ላሳይ ብዬ «አዲሱ ኮዴክ ኤቪ1 አይሻልም?» አልኋት። ሳቀች። በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉን ያሳንሰዋል፣ ግን አሮጌ ስልክ ይጨነቅበታል አለች። «እንግዶችዎ ለእርስዎ ብለው ስልክ አይቀይሩም።»

ያስቸገራት ውሃው ነው። እኔም የተማርሁት እዚህ ላይ ነው። ኮምፕረሽን ቦታ የሚቆጥበው በአብዛኛው ከአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ) ወደ ቀጣዩ የተለወጠውን በመመዝገብ ነው። ተራራ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ርካሽ ነው። ሐይቅ ግን አንዱም ሞገድ ቦታው ላይ አይቀመጥም። በዚያ ላይ የንጋት ጨለማ አለ፤ ካሜራው በጨለማ የሚፈጥረው ነጠብጣብም እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። መጀመሪያ ያንን ነጠብጣብ በስሱ አለዘበችው። ከዚያ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውሃው ያለበትን አሥር ሰከንድ ብቻ ቆርጣ የጥራት ቁጥሩን 20፣ 22 እና 24 እያደረገች ሞከረችው። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። ሦስቱንም ስክሪኑ በተሰነጠቀው የእኔ ስልክ ላይ ጭምር አሳየችኝ። በ24 ብሎኬቱ ብቅ ይላል፣ በ22 የለም።

እኔ የምስሉ መጠን 1080ፒ ካልሆነ ብዬ ነበር። በዚያ መጠን በቂ ቢትሬት (በየሰከንዱ የሚመደብ ዳታ) ካልተሰጠው ከ720ፒ የባሰ እንደሚያስጠላ ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝና አፌን ዘጋሁ። በ720ፒ 54 ሜጋባይት ወጣ። ድምፁ ኤኤሲ በሚባል የድምፅ ኮዴክ ነው፣ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት። የፍሬሙን ብዛት በሰከንድ 30 ላይ አጸናችው፤ ስልክ የፍሬሙን ብዛት እያለዋወጠ ስለሚቀርጽ አፍና ድምፅ ይለያያል አለች። መጨረሻ ላይ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። የፋይሉ ማውጫ መጨረሻው ላይ ከሆነ ማጫወቻው እሱን ፍለጋ ይለፋል፤ ወደ ፊት ሲመጣ ግን ቪዲዮው ሙሉው ሳይወርድ ይጀምራል። የእህቴ ክብ የዞረው አንድም በዚህ ነው።

የጠየቀችኝ 1,200 ብር ነው። ልጨምር ብል «አብሽር ጋሼ» ብላ መለሰችው።

እውነቱን ለመናገር ፈጣን አይደለችም። የእኔን ለማድረስ አራት ቀን ፈጅቶባታል። በጥር የሰርግ ሰሞን ደግሞ ስልክም አታነሳም። ለሚቸኩል ሰው አልጠቁማትም።

ትናንት ማታ እህቴ ከጅዳ ደወለች። ሦስቴ እንዳየችው ነገረችኝና ዓሣ በምን እንደሚላክ መጠየቅ ጀመረች።

ልጅቷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስቱዲዮዋን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ሂዱ። በቴሌግራም የምትልኩላት ከሆነም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ እንደ እኔ መልሳ ትሰዳችኋለች።