ሜሪላንድ ውስጥ የዛፍ ሠራተኛ ለምትፈልጉ፦ የማመሰግነውና የምጠቁማችሁ ሰው

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ቤት ገዝታችሁ ከቤቱ ጋር ትልልቅ ዛፍ የወረሳችሁ ወገኖች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ጓሯችን ውስጥ ደርቆ የቆመ ትልቅ ዛፍ ነበር። አሁን ወርዷል። ጣሪያችንም፣ አጥሩም፣ የጎረቤታችን ጋራዥም ምንም አልሆኑም። ሥራውን የሠራልን የአገራችን ልጅ ነው። ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ አነስተኛ የዛፍ ሥራ ድርጅት ያንቀሳቅሳል። በሰው ፊት ላመሰግነው ስለፈለግሁ ነው እዚህ የመጣሁት።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም። እንዲህ እንዳደርግ የጠየቀኝ እሱ ነው። ከባድ ንፋስ በመጣ ቁጥር ስልኩ አያርፍም፤ ለሁሉም መድረስ ስለማይችል ሰው ማስቀየም አይፈልግም። በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን «በዚህ ዛፍ ላይ አልወጣም» ስላለኝ ነው።

ዛፉ አሽ (ash) የሚባለው ዓይነት ነው። እዚህ አገር አሽን የጨረሰው አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ከእስያ የመጣ ነው። በፈረንጆቹ 2002 ሚሺጋን፣ ዲትሮይት አካባቢ ተገኘ። በዓመቱ፣ በ2003፣ ሜሪላንድም ውስጥ ታየ። ትሉ ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ውሃና ምግብ የሚተላለፍበትን ክፍል ይበላል። ዛፉም ከጫፉ እየደረቀ ይወርዳል። ግንዱ ላይ ወደ 3 ሚሊሜትር የምትሰፋ፣ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ በሌላው በኩል ክብ የሆነች ቀዳዳ ካያችሁ እሱ ነው። ግንደ ቆርቁርም ትሉን ፍለጋ ቅርፊቱን እየላጠ ያጋልጠዋል።

በዚህ ተባይ የሞተ አሽ ክፋቱ ቶሎ ደርቆ ተሰባሪ መሆኑ ነው። ከታች ስታዩት ጤነኛ ግንድ ይመስላል። ሰው ገመድ አስሮ ክብደቱን ሲጥልበት ግን ቅርንጫፉ ሳያስጠነቅቅ ይገነጠላል። ከእሱ በፊት የመጣ ሌላ ሠራተኛ ዛሬውኑ ወጥቼ እጨርሰዋለሁ ብሎን ነበር። ዋጋውም ርካሽ ነበር። የኛ ሰው ግን ዛፉን ዞሮ አየው። ግንዱን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ሰማ። ሥሩ አካባቢ ያለውን አፈር ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ «እህቴ፣ በዚህ ላይ እኔም አልወጣም፣ ልጆቼንም አላወጣም። ሰው በቅርጫት ወደ ላይ የሚያነሳ ሊፍት ተከራይተን እንሠራዋለን። ዋጋው ይጨምራል፣ ቀኑም ይዘገያል» አለኝ። «ልጆቼ» የሚላቸው ሠራተኞቹን ነው። ሥራውን ልናጣው እንችላለን ብሎ ሳይፈራ ይህን መናገሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ሰው ከሚሞትባቸው ሥራዎች ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ የዛፍ ሥራ አለበት።

ሊፍቷ ስትመጣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። ስትታጠፍ ጠባብ ናት፤ በጓሮ በራችን በኩል በሰንሰለት ጎማዋ እየዳኸች ገባች። ቦታዋን ስትይዝ አራት እግሮቿን ዘርግታ መሬቱን ረገጠች። ሣሩ እንዳይጎዳ ከእግሮቿ ሥር ወፍራም ሰሌዳ አነጠፉላት። እሱ በቅርጫቷ ላይ ሆኖ ከላይ ይቆርጣል። የተቆረጠው ግን ዝም ብሎ አይወድቅም፤ በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ገመዱ የሚታሰረው ሊፍቷ ላይም፣ የሞተው ዛፍ ላይም አይደለም። አጠገቡ ባለው ጤነኛ ኦክ ዛፍ ላይ ነው። ኦኩ ግንድ ላይ የታሰረች አንዲት የብረት የገመድ ፍሬን አለች፤ ገመዱ እሷ ላይ ስለሚዞር አንድ ሰው ከታች ሆኖ ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ግንድ በእጁ ይቆጣጠራል።

ሁለቱ ረዳቶቹ ኤልሳልቫዶራውያን ናቸው። እሱ ስፓኒሽ ከእነሱ ተምሯል፤ እነሱም «ቆይ» እና «ልቀቅ» የሚሉትን ከእሱ ተምረዋል። ከላይ «ቆይ!» ሲል ገመዱ ቀጥ ይላል።

ስለ ማሽኖቹ ትንሽ ልበል፤ ሰውየውን ያወቅሁት በማሽን አያያዙ ነው። ቼንሶው (የሞተር መጋዙ) በምሳ ሰዓት ሲያርፍ ቀድሞ የሚያነሳው ሞረዱን ነው። እያንዳንዱን ጥርስ ይሞርዳል። ምክንያቱን ስጠይቀው መሬት ላይ ያለውን ፍርፋሪ አሳየኝ። ስለቱ ጥሩ የሆነ ሰንሰለት ጠፍጣፋና ወፈር ያለ ፍርፋሪ ይተፋል። የደነዘዘው ግን እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ነው የሚያወጣው። ያኔ ሠራተኛው መጋዙን መጫን ይጀምራል፣ ይደክማል፣ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር የሚቀላቅለው 50 ለ 1 ነው፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር ማለት ነው። በግምት አያፈስም፤ መለኪያ አለው። ኢታኖል የሌለበትን ቤንዚን ነው የሚገዛው። ተራው ቤንዚን ውስጥ ያለው ኢታኖል እርጥበት ስለሚስብ፣ መጋዙ ሳይሠራበት ከቆየ ካርቡራተሩን ያበላሻል። እላይ ሲሆን ደግሞ በባትሪ የምትሠራዋን ትንሿን ይጠቀማል። ድምፅዋ ስለማይጮህ ከታች ካሉት ጋር በቀላሉ ይነጋገራሉ።

ቺፐሩ፣ ማለትም ቅርንጫፍ የሚፈጨው ማሽን፣ አጠገብ ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ሳቂታ ነው፤ እዚያ ግን አይቀልድም። ቅርንጫፍ የሚያስገባ ሰው ከጎን ይቆማል፤ አፉ ፊት ለፊት አይቆምም። የተንጠለጠለ ልብስ የለም። ገመድ በአካባቢው አይቀመጥም፤ ቺፐሩ የገመድ ጫፍ ከያዘ ሌላውን ጫፍ የያዘውን ሰው ጎትቶ ነው የሚወስደው። የሰፈር ልጆች ሊያዩ ሲጠጉ ማሽኑን አጥፍቶ፣ አነጋግሮ፣ ወደ ኋላ ከመለሳቸው በኋላ ነው መልሶ ያስነሳው።

ጉቶውን የፈጩት በሌላ ቀን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መሬት ከመቆፈር በፊት 811 ተደውሎ የተቀበሩ መስመሮች ምልክት መደረግ አለባቸው። እሱ ራሱ ደወለ። ሰዎቹ መጥተው ጓሯችንን ቀይና ቢጫ ቀለም ቀቡት። ቀዩ መብራት፣ ቢጫው ጋዝ ነው። የጋዝ መስመራችን በጉቶው አጠገብ እንደሚያልፍ የዚያን ቀን ነው ያወቅነው።

እናቴ ቤት ሆና ሠራተኛ ያለ ቡና መሸኘት አይሆንላትም። ጓሮው ውስጥ ቆላች፣ ድፎም ቆረሰች። ሦስቱም ሄልሜታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እሱ «እማማ» ይላታል፣ እሷ «ልጄ» ትለዋለች። አነጋግራው ብዙ ነገር አወጣች። እንደመጣ ለትልቅ ኩባንያ ቅርንጫፍ እየጎተተ ነው የጀመረው። ማታ ማታ የገመድ ቋጠሮ እየተለማመደ፣ መጽሐፍ እያነበበ፣ የስቴቱን ፈተና አልፎ ላይሰንስ አወጣ። ከዚያ አሮጌ ቺፐር ገዝቶ ራሱን ቻለ። ስልኩንና ሂሳቡን የምትይዘው ባለቤቱ ናት። ከማሽን ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው የኢንሹራንስ ክፍያ ነው ብሏታል። ጉልበቱንም እንደሚያመው ነገራት። እናቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ ጉልበት ትጠይቀኛለች።

ኦኩን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ምስጋና አለኝ። ያ ርካሽ ዋጋ የሰጠን ሠራተኛ ኦኩም «ከላይ ይከርከም» ብሎ ነበር። እናቴም ደስ ብሏት ነበር። እኛ ያደግነው ባሕር ዛፍ እያየን ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ብትቆርጠው ያቆጠቁጣል፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ስለዚህ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር የሚበረታ ይመስለናል። የኛ ሰው ግን ለእናቴ ቁጭ ብሎ አስረዳት። ያረጀ ኦክ አናቱ ከተቆረጠ ቁስሉ አይድንም፤ ከዚያ መበስበስ ይገባል። አዲስ የሚወጡት ቅርንጫፎችም ግንዱን በደንብ ስለማይዙ ከዓመታት በኋላ በንፋስ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጣሪያው ላይ የደረሱትን ጥቂቶች ብቻ ቆረጠ። መጀመሪያ ቅርንጫፉን ከታች በኩል ትንሽ ይቆርጣል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ሳይነካ ያነሳል። ቅርፊቱ ወደ ታች ተላጦ እንዳይወርድ ነው። ቀለምም አልቀባበትም፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል አለ። ለኦኩ ብዙ ገንዘብ ሊጠይቀን ይችል ነበር፤ የጠየቀን ግን የትንሽ ሰዓት ሥራ ዋጋ ነው።

እሱን ባትቀጥሩም እንኳ ማንንም ስትቀጥሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ በክፍያ ዛፍ የሚቆርጥና የሚያክም ሰው ከስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። እሱን አሳየኝ በሉት። የኢንሹራንስ ወረቀቱንም ጠይቁ፤ የሠራተኞች ጉዳት የሚሸፍነው ጭምር። ከማዕበል በኋላ በር እያንኳኳ ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ ስጡኝ የሚላችሁን አሰናብቱት። የኛ ሰው ሁለቱንም ወረቀቶች ሳልጠይቀው ነው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው። ገንዘቡንም የተቀበለው ጓሮው ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ነው።

ርካሽ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አሽ ዛፍ ያላችሁ ግን አትቆዩ። ገና አብዛኛው ቅጠሉ ያለ ከሆነ ግንዱ ላይ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይደገማል፤ ከመቁረጥም ሊያድናችሁ ይችላል። አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ ከሆነ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ደውሉ፤ ያኔ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ቶሎ ይመጣል። ስልኩን የምታነሳው ባለቤቱ ናት፤ በአማርኛ ታነጋግራችኋለች። ከመደወላችሁ በፊት ዛፉን ከሥሩ፣ ከመሃሉና ከጫፉ ፎቶ አንሱት። በአካባቢው የሚያልፍ የመብራት ገመድ ካለ እሱም ይታይ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።