ዓሣው ሱቅ ውስጥ ሲዋኝ አይቼ ገዛሁ፤ ደሴ ላይ ሶናር የምትፈልጉ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ትናንት ከሎጎ ሐይቅ ባዶ እጄን ተመልሼ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደሴ ካለው ሱቅ ተዋርጄ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ ቃሌ ቢከር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለምናሠራት ባለሞተር ጀልባ የዓሣ መፈለጊያ ሶናር በ34,000 ብር ገዛን። የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ፤ ከውጭ የገባ ያገለገለ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ደርድሮ፣ ዋጋ ሲጠየቅ «የቀረው አንድ ብቻ ነው» የሚል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ደግሞ «እኛ የት እንሄዳለን» ብሎ የሚያልፍ ነው።

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችው አንዲት ደቂቃ ናት። ሻጩ ልጅ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሁለቱን ሽቦዎች ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኘና አበራው። የውሃው ወለል ወፍራም መስመር ሆኖ ከቀኝ ወደ ግራ መፍሰስ ጀመረ፤ ጥልቀቱ 14 ሜትር፣ ቀጥሎ 16 ሜትር ተባለ፤ ትልልቅና ትንንሽ ዓሦችም በስክሪኑ ላይ ማለፍ ጀመሩ። ልጁ መሣሪያውን የደገፈ መስሎ አውራ ጣቱን የስክሪኑ ጥግ ላይ አሳርፎ ነበር። እኔም «ቆሮሶው እንዴት እንደሚታይ ተመልከት» እያልኩ ለጓደኛዬ አሳየሁት። ድምፁን ወደ ውሃ የሚልከውና ተመላሹን የሚቀበለው ሴንሰር ግን በዚያች ሰዓት ገመዱ እንደተጠቀለለ፣ ማሰሪያው ሳይፈታ፣ መደርደሪያው ላይ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሎጎ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ የብርጭቆ ውሃ እንኳ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ሲዋኝ እያየሁ ብር የቆጠርኩት እኔው ነኝ።

ሐይቁ ላይ ደግሞ ጥፋቱን በራሴ ላይ እያላከክሁ ዋልኩ። ስክሪኑ 15 ሜትር ሲል ድንጋይ ያሰርንበት የ40 ሜትር ገመድ እስከ ጫፉ ወርዶ መሬት አልነካም፤ የሎጎ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር እንደሚበልጥ እያወቅሁ፣ የተጠራጠርኩት መሣሪያውን ሳይሆን አገጣጠሜን ነበር። ድምፅ በአየር አረፋ ውስጥ በደንብ ስለማያልፍ፣ የሞተሩ መዘውር የሚያስነሳው አረፋ ጋርዶታል ብዬ ሴንሰሩን ዝቅ አድርጌ እንደገና አሰርኩት። የሞተሩ ኤሌክትሪክ ረብሾት ይሆናል በማለትም ሞተሩን አጥፍቼ፣ መስመሩን በፊውዝ በኩል ከባትሪው በቀጥታ ሳብኩ። ዓሦቹ በዚያው አኳኋን ማለፋቸውን ቀጠሉ። ወደ ማታ ጀልባዋን ሣሩ ላይ ጎትተን ሴንሰሩ በአየር ላይ ሲንጠለጠልም ስክሪኑ 14 ሜትርና ሁለት ዓሣ ያሳይ ነበር። መረባቸውን ይጠግኑ የነበሩ አንድ አባት ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ የናንተ ዓሣ ውሃ አይፈልግም እንዴ?» አሉኝ። ያን ጊዜ የልጁ አውራ ጣት ያረፈበትን ጥግ ተመለከትኩ፤ በትንንሽ ፊደል «ሲሙሌተር» የሚል ተጽፎበታል። ለማሠልጠኛና ለሽያጭ ማሳያ የተሞላ የውሸት ምስል ነው፤ አንዳንዱ መሣሪያ ሴንሰር አለመገናኘቱን ሲያውቅ ራሱ ወደዚህ ይገባል። ሶኬቱን ነቅዬ ሳየው የሴንሰሩ ፒኖች ከመሣሪያው ቀዳዳዎች ጋር በቁጥር አይገጥሙም፤ ጠርዙም እንዲገባ በሞረድ ተሞርዷል። የሌላ መሣሪያ ሴንሰር ነው የሸጡልኝ።

ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ተረጋግቼ ሳስረዳ ልጁ እስክጨርስ ጠብቆ «ጋሼ፣ የዕቃው ሥራ ዓሣ ማሳየት ነው፤ አሳየዎት አይደል?» አለኝ። ሌላኛው ከስልኩ ቀና ሳይል ሳቀ። ገንዘቤን ስጠይቅ «ውሃ የነካ ዕቃ አንመልስም» ተባልኩ። ለውሃ የተሠራ ዕቃ፣ ውሃ ነካ ተብሎ!

የምትገዙ ካላችሁ ሴንሰሩ ከመሣሪያው ጋር በዓይናችሁ ፊት ይገናኝ፤ ሲሙሌተሩም ይጥፋ። ሙቀት የሚለካ ከሆነ ሴንሰሩን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት። የሚሠራ ሴንሰር ጆሮ ሲጠጉት ብዙ ጊዜ ጠቅ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ሻጩ እስከ ሐይቁ አብሯችሁ ለመሄድ ካልፈቀደ ደግሞ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።